ስሙ የማይነሳው አጎት

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወላጆችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ሻይ ያልደረሳችሁ እየጠጣችሁ አዳምጡ፤ እኔ ቅር አይለኝም።

ዛሬ የማወራው ስለ ልጆች ፊልም ነው። ልጅ ያለው ሁሉ ወደደም ጠላም የእነዚህ ፊልሞች ተመልካች ነው። በፍላሽ ይጫናሉ፣ በስልክ ይታያሉ፣ ዲሽ ላይም እየተደጋገሙ ይመጣሉ። አብራችሁ ስታዩ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ስማቸው ከገነነ የቤተሰብ ፊልሞች ብዙዎቹ ውስጥ የሞተ አባት ወይም አያት አለ። ሞቶ ዝም አይልም፤ ይናገራል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ላየን ኪንግ» ላይ አባት አንበሳ ያለፉት ነገሥታት ከከዋክብት ላይ ሆነው እንደሚያዩት ለልጁ ይነግረዋል። በ1998 የመጣችው «ሙላን» የቤተሰቡ አያቶች የሚታሰቡበት መቅደስ አላት። «ሞአና» (2016) ከሞተች በኋላ እንደ ዓሣ ሆና የምትመለስ አያት አለቻት። «ኮኮ» (2017) ደግሞ አብዛኛው ታሪኩ የሚያልፈው ከመቃብር ማዶ ነው።

ወላጆች ሁለት ነገር ይሉኛል። አንዱ «ይሄ ነገር ባዕድ አምልኮ አያስተምርብንም ወይ?» ይላል። ሌላው «እነሱ አያቶቻቸውን እንዲህ ሲያከብሩ እኛ ምነው ረሳን?» ይላል። ሁለቱም ፊልሞቹን ከፊት ለፊት ያዩዋቸው አይመስለኝም። እስቲ ከ«ኮኮ» ልጀምር።

ፊልሙ ውስጥ አንድ የፍተሻ በር አለ። በሜክሲኮ የሙታን ቀን ሙታኑ ወደ ቤተሰባቸው የሚሻገሩበት በር ነው። ቁርጥ ኤርፖርት! ሰልፍ አለ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ አለ፣ ፊት የሚያነብ ማሽን አለ። ማሽኑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሕያዋን ዓለም ፎቶህን ያስቀመጠልህ ሰው አለ? ካለ መልካም በዓል ብለው ያሳልፉሃል። ከሌለ ትመለሳለህ። ሄክተር የሚባል ምስኪን ፎቶውን የሚያስቀምጥለት ዘመድ የለውም። ስለዚህ ፍሪዳ ካህሎ የተባለችውን ታዋቂ ሠዓሊ መስሎ ሊያልፍ ይሞክራል። ማሽኑ አይሸወድም።

ልጆች እዚህ ጋ ይስቃሉ። እኔ ግን ይህን በር ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የእኛ ቄስ ናቸው። አርባ ወይም ሙት ዓመት ደርሶ ጸሎት ሊደረግ ሲል ቄሱ ዘወር ብለው «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ይላሉ። ጸጥ። ልጆቹ ወደ ታላቅ እህታቸው ያያሉ። እሷ ወደ አክስቷ ታያለች። አክስት ካለች ይገኛል። ከሌለች ስልክ ይደወላል፤ ወደ ሞጣ፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ ደብረ ታቦር። ሴትዮዋ ዕድሜዋን በሙሉ በዓለም ስሟ ስትጠራ ኖራለች። መታወቂያዋ ላይ ያለው እሱ ነው፣ እድሩም መዝገብ ላይ ያለው እሱ ነው። «ወለተ ሚካኤል» መሆኗን የምታውቀው አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት ብቻ ናት። እግዚአብሔር ያውቃታል፣ እሱስ ልክ ነው። ሆኖም ቄሱ ስም ይፈልጋሉ።

ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከእንደዚህ ዓይነት አሮጊት ነው። ኮኮ የፊልሙ ባለታሪክ የሆነው የልጁ የሚጌል ቅድመ አያት ናት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ቤተሰቦቿ ማን እንደሆኑ እንኳ ይጠፋባታል። አባቷን ሄክተርን በዚህ ዓለም የሚያስታውሰው ሰው ግን እሷ ብቻ ናት። እሷ ከረሳችው ሄክተር እዚያም ማዶ ይጠፋል፤ ፊልሙ ይህን ሁለተኛ ሞት ያደርገዋል። ከፊልሙ እጅግ የምወደው ይህንን ነው። የአንድ ሰው መታሰቢያ በአንዲት ደካማ አሮጊት ጭንቅላት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቤተሰቡ ጫማ ይሰፋል፣ ይጯጯሃል፣ ምግብ ይበላል። ማንም ቁጭ ብሎ «እማማ፣ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አላላትም።

አሁን ወደ ባዕድ አምልኮው። የሜክሲኮ ሙታን ቀን ጥቅምት ማብቂያ አካባቢ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 እና 2 ነው የሚውለው። የካቶሊክ በዓልና ከዚያ በፊት የነበረው የአገሬው ልማድ ተቀላቅለውበታል። ኦፍሬንዳ የሚሉትን መደብ ይሠራሉ፤ ፎቶ፣ ሻማ፣ ብርቱካናማ አበባ፣ ሟቹ ይወደው የነበረ ምግብ ይደረደርበታል። ሙታኑ ይመጣሉ፣ ይጎበኛሉ ተብሎ ይታሰባል። የእኛ ተዝካር አካሄዱ ሌላ ነው። ሟቹ ይመጣል ብለን አንጠብቅም። ጠላውንም ዳቦውንም የሚቀምሱት ነዳያን፣ ካህናትና ጎረቤት ናቸው፤ ጸሎቱ ደግሞ ለሟቹ ነው እንጂ ወደ ሟቹ አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሰደቃ ያወጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ይህን ልዩነት ለልጅ ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ልጅ ይገባዋል። ፊልሙን ከመከልከል ይሻላል ብዬ ነው የማምነው። ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ በየቤታችን ቆሌ የሚለማመን፣ ዛር ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ሜክሲኮን ለመውቀስ እኛ አንመችም።

ስለ ተዝካር ካነሳን ወጪውም አይረሳ። በሬ ሽጦ፣ ተበድሮ ተዝካር የደገሰ ገበሬ ታሪክ የማያውቅ እዚህ የለም። ልጅ የሌለው ወይም በልጆቹ የማይተማመን ሰው ደግሞ በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ነበር። እኔ ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ሰውየው የራሱን መታሰቢያ ድግስ ራሱ ተቀምጦ ያያል፣ ማን እንደመጣ ይቆጥራል፣ ማን እንደቀረም ያውቃል። አንድ ቀን አንድ የእኛ ሰው በዚህ ላይ ፊልም ቢሠራ ያስቃልም ያስለቅሳልም።

ፊልም ልማድን ያሳያል ብቻ ብለን የምናስብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲዝኒ የሙታን ቀንን የስፓኒሽ ስያሜ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ሊያስመዘግብ አመልክቶ ነበር። እስቲ አስቡት፣ አንድ የውጭ ኩባንያ «ጥምቀት» የሚለውን ስም የኔ ነው ሲል! ሰው ተቆጣ፣ ኩባንያው ማመልከቻውን ወዲያው ሳበ። በዚያን ጊዜ በካርቱን ከተቹት አንዱ፣ ላሎ አልካራስ የሚባለው ሠዓሊ፣ በኋላ ለ«ኮኮ» አማካሪ ሆኖ ተቀጠረ። ፊልሙ ጥሩ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ስድቡን ሰምተው ተሳዳቢውን ወደ ቤት አስገቡት። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። በ2015 የወጣ አንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ትልቅ የሙታን ቀን ሰልፍ እያሳየ ይጀምራል። ከተማዋ እንዲህ ያለ ሰልፍ አልነበራትም። ፊልሙን ያየ ቱሪስት ይፈልገዋል ተብሎ በ2016 እውነተኛው ሰልፍ ተጀመረ። ዩኔስኮ ልማዱን ከመዘገበው፣ ከ2008 በኋላ ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚወለድ የሜክሲኮ ልጅ ሰልፉን «ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው» ይለው ይሆናል።

ወደ «ሙላን» ልለፍ። ይህን ፊልም ለጎጃምና ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቱ በአባቷ ፈንታ ወንድ መስላ ትዘምታለች። ሌሊት መቅደሱ ውስጥ የሞቱት አያቶች ይነሱና ስብሰባ ይቀመጣሉ። ስብሰባው ምን ይመስላችኋል? የእኛ ቤተሰብ ነው። አንዱ ድሮም ይቺ ልጅ አስቸጋሪ እንደምትሆን አውቅ ነበር ይላል። ሌላው ወደ ጎን ዞሮ ይሄ የመጣው በእናንተ በኩል ነው ይላል። አንዷ ስለ ውርደቱ ስትጨነቅ ሌላዋ እርሻችን ይወሰዳል ትላለች። መሃል ላይ አንዷ አያት የእኔ ልጆች እንኳ እንዲህ አላስቸገሩኝም፣ ሁሉም መርፌ ወጊ ሐኪም ሆነዋል ብላ ትኮራለች። ሞተው እንኳ ልጅ ማወዳደር አልተዉም።

የሙላን አያቶች ፈራጆች ናቸው። ይህንን እናውቀዋለን። «የአባቶቻችን አጥንት ይፋረደናል» እንላለን። «እሾህ ሆኖ ይውጋን» እንላለን። ይህ አባባል በሰልፍ ላይም በግጥም ላይም ይነሳል፤ መጽሔት ላይም በደማቁ ይታተማል። አያት በአጥንቱ በኩል ብቻ የሚያናግረን ከሆነ ግን ልጅ ምን ይማራል? መፍራትን። በፉከራ ላይ «የእገሌ ልጅ!» ሲባል ደስ ይላል፣ ደም ያሞቃል። የዚያ እገሌ ጠባይ፣ የሚወደው ወጥ፣ ሚስቱን እንዴት ይጠራት እንደነበረ ግን ፉከራው ውስጥ የለም።

«ሞአና» ላይ ደግሞ አያትየዋ የልጅ ልጇን ወደ አንድ ዋሻ ትወስዳታለች። ዋሻው ውስጥ የጥንት መርከቦች ተደብቀዋል። ልጅቱ ከበሮውን ስትመታ ሕዝቧ ድሮ ባሕር አቋራጭ እንደነበረ ታያለች። የጥንት አለቆች መርከቦቹን ደብቀው ጉዞውን ስለከለከሉ ይህ ሁሉ ተረስቷል፤ አባቷ፣ የአሁኑ የደሴቱ አለቃም፣ ማንም ከባሕሩ ዳር እንዳይርቅ ይከለክላል። የእውነተኞቹ የፖሊኔዥያ ሰዎች ኮከብ፣ ማዕበልና ወፍ እያዩ ሰላማዊ ውቅያኖስን የተሻገሩ ናቸው፤ ያ እውነት ነው። ፊልሙን ጣና ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ግን አንድ ነገር ይገርመዋል። የእኛን ታንኳ ዋሻ ውስጥ ደብቆ ለልጅ ልጅ ማቆየት አይቻልም። ደንገል ነው። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየተጠቀለለ ይታሰራል። ሐይቁ ላይ ሲውል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማታ ወደ ዳር ይጎተትና እንዲደርቅ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ወራት ቢያገለግል ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ ያየነው ታንኳ ዛሬ የለም፤ በስብሷል። የቀረው የሚያስረው እጅ ነው። ከአባት የሚወረሰው ጀልባው ሳይሆን አስተሳሰሩ ስለሆነ፣ አንድ ትውልድ «ፋይበር ግላስ ይሻለኛል» ካለ ከበሮ ቢመቱም አይመለስም። ደግሞ ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው፤ እምቦጩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በነገራችን ላይ ታንኳ በመሥራት ስማቸው የሚነሳው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ከተማው ለረዥም ጊዜ በንቀት ያያቸው ሰዎች። የአያቶቻችን ቅርስ ስንል የማንን አያት ማለታችን እንደሆነም እንጠይቅ።

እስካሁን የፊልሞቹን ነው ያወራሁት። እኛ ጋ የአያት ስም መቁጠር ምን ይሠራ ነበር? እንደ «ኮኮ» ስለ ፍቅር ብቻ አልነበረም። በመሬት ምክንያት ነበር። በጎጃምና በጎንደር በርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከዋናው አባት፣ መጀመሪያ አገሩን ካቀናው ሰው፣ መወለዱን ቆጥሮ ሲያሳይ ነው። ከዋናው አባት በታች ደግሞ ምንዝር አባቶች አሉ። በአባትም በእናትም በኩል መቁጠር ይቻል ነበር። ስለዚህ ብልህ ሰው አራቱንም አያቶቹን ይዞ የትኛው መስመር የት መሬት እንደሚያስገኝለት ያሰላል። ሽማግሌ ፊት፣ ዳኛ ፊት ይቆማል። አንዱን ስም ከዘለለ ወይም ካሳሳተ ማሳው ሄደ። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የሙላን አያት «እርሻችን ይወሰዳል» ብላ ስትጮህ ከሁሉም አያቶች የእኛን የምትመስለው እሷ ናት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ። አያት መቁጠር በአንድ ቀን ጥቅሙን አጣ። ማንም አልከለከለውም፤ ሥራ ፈታ እንጂ። የቀረው ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ያም ቢሆን ከተማ ውስጥ እየሳሳ ነው። ልጅቱ ካምፓስ የተዋወቀችውን ልጅ ስሙን ስትናገር እናቷ «የማን ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው?» ብላ ትጀምርና አያቱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ልጁም አያውቅማ። እንግዲህ «ልጆቻችን አያቶቻቸውን ረሱ» ብለን ልጆቹን መውቀሱ ልክ አይመስለኝም። ዕውቀቱ የቆመው በመሬት ላይ ነበር፤ መሬቱ ሲሄድ በፍቅር ላይ አልተከልነውም። ፊልሞቹ ልጆቻችንን የሚማርኩት በዚህ በተራቆተው ቦታ ላይ ስለሚያርፉ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ርስት በእናት በኩልም ይቆጠር ነበር ብያለሁ። ታዲያ ዛሬ አንድ ጎበዝ ልጅ ሰባት አያቶቹን ሲያንበለብልላችሁ ስንት ሴት ትሰማላችሁ? አንዲትም። ስማችን ራሱ የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ ሴቶቹን የሚያቆይ ወረቀት የለም። ሐይቃችን ላይም ይኸው ነው። ደጋ እስጢፋኖስ ላይ እንደ ዘርዐ ያዕቆብና ፋሲለደስ ያሉ ነገሥታት አፅም በመስታወት ሳጥን ውስጥ አለ። የአገራችን ትልቁ የአያቶች ክፍል ሊባል የሚችል ነው። ነገር ግን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ልጃችሁን ይዛችሁ አትገቡም። ሥርዓቱን ልሟገት አልመጣሁም፤ ገዳሙ የራሱ ሕግ አለው። እናትና ሴት ልጅ ግን ወዴት ይሂዱ?

ናርጋ ሥላሴ። ደቅ ደሴት ጋ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት ያስኬዳል። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ነው። ግድግዳው ላይ እሷው ተሥላለች። የት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በግንባሯ ተደፍታ። ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። ልብሷ የንግሥት ልብስ ነው፤ አኳኋኗ የለማኝ ነው። ገንዘቡን ያወጣችው እሷ፣ አገሩን የምትገዛውም እሷ ሆና ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ ትንሽና ወለል ላይ ናት። ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ወይም መጽሐፍ ያጻፉ ሰዎች ራሳቸውን እንዲህ ማሣላቸው ልማድ ነው። «አስታውሱኝ» ይላሉ፣ ግን «አክብሩኝ» ብለው አይደለም፤ «ለምኑልኝ» ብለው ነው። የ«ኮኮ» ፎቶ መደብ ላይ ከፍ ብሎ ወደ እናንተ ያያል። ምንትዋብ እናንተን አታይም። እኔ ሁለቱንም ለልጅ ጎን ለጎን አሳይቼ የቱ ምን እንደሚል መጠየቅ እወዳለሁ። ልጆች የሚሰጡት መልስ ከእኔ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እነዚህ ፊልሞች ስለ አያት ማክበር ናቸው ይባላል። እንዲያ ቢሆኑ ኖሮ አሰልቺ ይሆኑ ነበር። «ኮኮን» ተመልከቱ። ከተማው በሙሉ የሚያከብረው ኤርኔስቶ የሚባል ዘፋኝ ነው። ሐውልት አለው፣ ያማረ መቃብር አለው፣ ሚጌልም የቅድመ አያቴ አባት እሱ ነው ብሎ ይኮራበታል። በኋላ ሲታይ ጓደኛውን ሄክተርን መርዞ የገደለ፣ ዘፈኑንም የሰረቀ ሰው ነው። እውነተኛው አባት ደግሞ ፎቶው ላይ ፊቱ የተቀደደው፣ ቤተሰቡ ስሙ እንዳይነሳ የከለከለው ነው። ቤተሰቡ ከፍቶት ሙዚቃን እርም ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ ምክንያቱን ሳያውቅ እርሙን ተሸክሟል። የአባት ዕዳ ለልጅ ማለት ይሄ ነው። ከተማው የተሳሳተውን ሰው አከበረ፤ ቤተሰቡም የተሳሳተውን ሰው ረገመ። ሁለቱንም ያቃናው አንድ ጠያቂ ልጅ ነው።

እኛ ጋ የኤርኔስቶ ሐውልት የሚሠራው ቀብር ላይ ነው። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችኋል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በጎጃም ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው...» ወረቀቱን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰቡ ፊደል ቆጣሪ ነው፤ ካለፈው ቀብር ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ቀይሮ። አሁን አትሳቁ፣ እውነት ነው። እኔ እስከዛሬ ቁጡ፣ ቆጥቋጣ ወይም ልጁን የካደ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አልሰማሁም። እንዲህ ያሉት ሰዎች አይሞቱም መሰለኝ። በቀብር ቀን ሰውን ማማት አይገባም፤ እስማማለሁ። ችግሩ ከዚያ ቀን በኋላም ሌላ ወረቀት አለመጻፉ ነው። ለልጅ ልጅ የሚደርሰው ያው ባለ አንድ ገጽ ነው።

የድሮዎቹ አልቃሾች ይሻሉ ነበር። ሙሾ በሰምና ወርቅ ስለሚወርድ ውዳሴው ውስጥ ወቀሳ መሸጎጥ ይቻላል። ልጆቹን ያልጠየቀው፣ ወንድሙን የከሰሰው፣ ሁሉም እዚያው በለቅሶ መሃል ጆሮ ላለው ሰው ይነገር ነበር። ሰው እያለቀሰ ፈገግ ይላል። ዛሬ በድንኳኑ ውስጥ ያለው በትልቁ የታተመ ፎቶና ቲሸርት ነው። ፎቶ ደግሞ ወቀሳ አይችልም።

«ኤንካንቶ» (2021) ይህን ከሁሉም በላይ ገብቶታል እላለሁ። ኮሎምቢያ ውስጥ ነው የሚሆነው። አያት አልማ ሦስት አራስ መንታዎች ታቅፋ ከሞት ስትሸሽ ባሏ ይገደላል። በዚያ ቦታ ተአምር ይሰጣታል፤ የማይጠፋ ሻማና ሕይወት ያለው ቤት። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ እንከን አይፈቀድለትም። ወንድ ልጇ ብሩኖ የወደፊቱን ያያል፣ ያየው ሁሉ መልካም ስላልሆነ ግን ይጠላል። አንድ ቀን ይጠፋል፤ ስሙ በቤቱ አይነሳም። የት ሄዶ ነው? የትም። እዚያው ቤት፣ ከግድግዳው ጀርባ ነው። ቤተሰቡ የሚበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ማዶ ትንሽ ጠረጴዛ አስጠግቶ፣ ሳሕን ሥሎበት፣ ስሙን ጽፎበት፣ ቤተሰቡ ሲበላ እሱም አብሯቸው እንደሚበላ ሆኖ ይቀመጣል። የልጆች ፊልም ነው እንግዲህ! እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ትዕይንት በትልልቅ ሰዎች ፊልም ላይ አላየሁም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስሙ የማይነሳ አጎት የሌለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ወይም አክስት። አንዱ ሃይማኖት ስለቀየረ፣ አንዷ ሳታገባ ስለወለደች፣ አንዱ በቀይ ሽብር ዘመን በማይወራ በኩል ስለቆመ፣ አንዱ አእምሮው ስለታወከ። ልጆች ግን ያውቃሉ። እናንተ ስትንሾካሾኩ ሰምተዋል።

«ብላክ ፓንተር» (2018) ለትንንሾች አይሆንም፤ ከፍ ያሉት ልጆች ግን አይተውታል። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ወጣቱ ንጉሥ ቲቻላ፣ ወደ አያቶቹ ዓለም ሁለት ጊዜ ይሄዳል። መጀመሪያ ሲሄድ አባቱ ፊት ይንበረከካል። ሁለተኛ ሲሄድ፣ አባቱ የገዛ ወንድሙን ገድሎ ሕፃኑን ልጅ ጥሎ እንደመጣ ካወቀ በኋላ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ሁላችሁም ተሳስታችኋል ይላቸዋል። ከዚያ ተመልሶ ይነግሣል። አባቱን መውደዱን አልተወም። በእኛ ባህል ይህን ቃል ለአያት አፍ አውጥቶ መናገር ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ልጁ እንዲናገር ባንፈቅድለት እንኳ እኛ ቀድመን ብንናገርለት ምን አለ?

ታዲያ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ፊልሙን አብራችሁ እዩ። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና አንድ ስም አንሱ። ከእናት በኩል ቢሆን ይመረጣል። የክርስትና ስም የሚያውቁ አሮጊቶች በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ደውሉ፤ በስልክ ቅዱት፣ ጻፉት። ሲነግሯችሁ አታርሟቸው፤ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አታቋርጡ። ቁጣውንም፣ ስስቱንም፣ ያፈቀሩትንና ያልተፈቀደላቸውንም ያውሩ። ገጠር ያሉት የመሬት ክርክሩን ከነስሙ ያስታውሳሉ። ያ ክርክር ምርጥ ታሪክ ነው፤ ማን ማንን ካደ፣ ማን በሐሰት መሰከረ፣ የትኛዋ አያት ዳኛ ፊት ቆማ ተሟገተች።

አንድ አባት ባለፈው ጠይቀውኝ ነበር። «ነገሩ ደም ከሆነስ? አያቴ ሰው ገድሎ ነበር። ይህንንም ልንገረው?» አሉኝ። ልጁ ትንሽ ከሆነ ዛሬ ሁሉንም አይነገርም። ከፍ ሲል ግን ይነገረው። ዕርቅ ወርዶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ሽማግሌዎች ደሙን አድርቀውት ሊሆን ይችላል። የሟቹ ቤተሰብ ግን ያንን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲነግሩ ነው የኖሩት። ልጆቻቸውም እዚሁ ባሕር ዳር ናቸው፤ ምናልባትም ከልጅዎ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ከእርስዎ ካልሰማው ከእነሱ ይሰማዋል፤ ያኔ ዕርቁ ሳይነገረው ግድያው ብቻ ይነገረዋል።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ከኋላ በኩል ካሉት እንጀምር።